ዮኮዙናው አኬቦኖ ወደ ሬስሊንግ መግባቱ ውርደት ነበር?

መክፈቻ (የኔ ጽሑፍ)

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ አኬቦኖ አንድ ነገር ልጠይቅ። ቀኖቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።

የማታውቁት ካላችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። የትውልድ ስሙ ቻድ ሮዋን ነው። በ1969 ሃዋይ ተወለደ። በ18 ዓመቱ ጃፓን ገብቶ ሱሞ ጀመረ፤ ተጋጣሚን ጥለው ወይም ከክብ ገፍተው አስወጥተው የሚያሸንፉበት የጃፓን ትግል ነው። አኬቦኖ የሚለው የመድረክ ስሙ በጃፓንኛ ጎህ ማለት ነው። ቁመቱ ሁለት ሜትር ከሦስት ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ከ200 ኪሎ በላይ ነበር። በጃንዋሪ 1993 64ኛው ዮኮዙና ሆነ። ዮኮዙና የሱሞ የመጨረሻው ማዕረግ ነው። ከሱ በፊት ውጭ አገር ተወልዶ እዚያ የደረሰ ሰው አልነበረም። 11 ጊዜ ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ በ2001 ጉልበቱ እምቢ ሲለው በ31 ዓመቱ አቆመ። በ2003 ቡጢና እርግጫ ወዳለበት ኬ ዋን ገባ። በ2005 ደግሞ ሬስሊንግ ጀመረ።

እኔ መጀመሪያ ያየሁት ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው። አግዳሚው ላይ ተጣብበን ተቀምጠናል። በሲዲ ያሳዩን በኤፕሪል 2005 ሎስ አንጀለስ የተካሄደውን ሬስልማኒያ 21 ነበር። ግዙፉ አሜሪካዊ ሬስለር ቢግ ሾው የሱሞ መታጠቂያ ብቻ ታጥቆ ሲወጣ ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ከዚያ አኬቦኖ ገባ። ቁጢጥ ብሎ እጆቹን ወደ ጎን ሲዘረጋ ሁላችንም ዝም አልን። ያ ሰውዬ የሚያደርገውን ነገር ያምንበት ነበር። አንድ ደቂቃ ያህል ተገፋፉና ቢግ ሾውን አንስቶ ከክቡ አስወጣው።

ብዙ ሰው ግን ይህንን የሕይወቱን ክፍል እንደ ውርደት ነው የሚያወራው። ታላቅ ሻምፒዮን ነበር፣ በመጨረሻ ሬስሊንግ ገባ ይሉና ከንፈር ይመጥጣሉ። እኔ አልስማማም። ሰውዬው ከሱሞ በኋላ ሁለተኛ ሙያ ያገኘው እዚያ ነው ባይ ነኝ። እናንተስ?

መልሶቹ ከጠበቅሁት በላይ ሆኑ። ዘግይታችሁ ለገባችሁ ሰዎች በተራ ልንገራችሁ።

መልስ 1

የመጀመሪያው መላሽ በጣም ትሁት ሰው ነው። አመሰገነኝና በከፊል እንደሚስማማ ገለጸ። አንድ ነገር እንድጨምር ግን ፈለገ፦ ዮኮዙና እንደሌላው ተጋጣሚ ከማዕረጉ ዝቅ አይደረግም። ማሸነፍ ካቃተው ያለው ምርጫ መተው ብቻ ነው። አኬቦኖ የመጨረሻ ዋንጫውን ያነሳው በኖቬምበር 2000 ነው፤ የተሰናበተው ከሁለት ወር በኋላ። እና በ31 ዓመት ሥራ ፈት የሚያደርግ ማዕረግ ይዞ ሰው ምን ይሁን የሚል ነበር ጥያቄው።

መልስ 2

ይሄኛው ወጣት ይመስላል፣ አጻጻፉም ቁጡ ነው። ስለ አኬቦኖ ሲነሳ ትዝ የሚለው አንድ ፎቶ ብቻ እንደሆነ ተናገረ፦ ዲሴምበር 31 ቀን 2003፣ ናጎያ ዶም፣ አኬቦኖ በኬ ዋን ግጥሚያ በአሜሪካዊው ቦብ ሳፕ ተመትቶ በሆዱ ተዘርሮ። የመጀመሪያው ዙር እንኳን አላለቀም ነበር። አንድ ዮኮዙና ለገንዘብ ብሎ ፊቱን ምንጣፍ ላይ ከደፋ በኋላ ስለ ክብር ማውራት ምን ዋጋ አለው የሚል ነው ነገሩ። እኔንም በልጅነት ትዝታ የሰከረ ብሎኛል። ይሁን።

መልስ 3

ይህ ሰው ለሁለታችንም እርማት ሰጠ። ኬ ዋን ሌላ፣ ሬስሊንግ ሌላ እንደሆነ አስረዳን። በኬ ዋን ሕግ ደጋግሞ ተጋጥሞ ያሸነፈው አንዱን ብቻ ነው። ቡጢም ትግልም የተቀላቀለበትን ኤም ኤም ኤ ደግሞ አራት ሞክሮ አራቱንም ተሸንፏል፤ አንዱን በ2004 በሮይስ ግሬሲ፣ በኪሎ ግማሹን በማያክል ሰው። ስለዚህ ውርደት የምትፈልጉ ከሆነ እዚያ ፈልጉ፣ ሬስሊንጉን ግን ለብቻው መዝኑት የሚል ምክር ነው የሰጠን። ያ የናጎያ ግጥሚያ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ለአራት ደቂቃ ያህል የጃፓንን ዝነኛ የዘመን መለወጫ የዘፈን ዝግጅት በተመልካች ብዛት መብለጡንም ጠቀሰ። አዘጋጆቹ የፈለጉት ያንን ነበር፤ ሰውየው ለቡጢ መዘጋጀት አለመዘጋጀቱ አላስጨነቃቸውም። እኔም እንደዚያ ነው የማስበው።

መልስ 4

እዚህ ላይ ነገሩ ከበድ አለ። ጸሐፊው ቶኪዮ የሚኖር ወንድማችን ነው፤ ሐበሻ በሚበዛበት በካትሱሺካ በኩል። ረጅም ጽሑፍ ነው፣ ሙሉውን እንድታነቡት እለምናችኋለሁ።

ያስረዳን ሱሞ ውስጥ ጡረታ ምን እንደሚመስል ነው። ተጋጣሚ የነበረ ሰው በሱሞ ማኅበሩ ውስጥ መኖር ከፈለገ የሽማግሌነት ድርሻ ያስፈልገዋል። ያለው ድርሻ 105 ብቻ ነው። ሰዎች እየተቀባበሉት የሚኖር፣ በእጅጉ ውድ የሆነ ነገር ነው። የጃፓን ዜግነትም ይጠይቃል፤ አኬቦኖ ዜግነቱን የወሰደው በ1996 ነበር። ዮኮዙና ለነበረ ሰው አምስት ዓመት ይፈቀድለታል። በነዚያ ዓመታት በመድረክ ስሙ እየተጠራ አሠልጣኝ ሆኖ ይቆያል፣ ከዚያ በፊት ድርሻ ካላገኘ ግን ይወጣል። አኬቦኖ ሦስት ዓመት ሳይሞላው በኖቬምበር 2003 ለቀቀ።

ሌላም ጻፈ። በ2001 አኬቦኖ ሲሰናበት የሱሞ ሹሩባው የተቆረጠበት ሥርዓት እንዴት እንደሚደረግ በዝርዝር ነገረን። ተሰናባቹ ክቡ መሃል ወንበር ላይ ይቀመጣል። እንግዶች አንድ በአንድ ከኋላው እየመጡ በወርቃማ መቀስ ትንሽ ትንሽ ጸጉር ይቆርጣሉ። የመጨረሻዋን የሚቆርጠው ያሳደገው አሠልጣኝ ነው። የአኬቦኖ አሠልጣኝ ታካሚያማ ነበር፣ እሱም የሃዋይ ልጅ። በ1972 ከውጭ ተወላጆች መጀመሪያ የሱሞ ዋንጫ ያነሳው እሱ ነው። በጃፓን እንዲህ ያለ ነገር ያለፈበት ሰው ዳግመኛ ጸጉሩን አሳድጎ ልመለስ ማለት አይችልም። በሩ ከኋላው ይዘጋል። ይህንን ሳያውቁ ለምን ወጣ ብሎ መፍረድ ቀላል እንደሆነ ጽፎ ጨረሰ።

መልስ 5 እና 6

እነዚህ ሬስሊንግ እውነት ነው ወይስ ውሸት በሚለው የድሮ ጭቅጭቃችን ነው ያለፉት። አንዱ እናቱ እያለቀሱ ቴሌቪዥኑን እንዳጠፉበት አጫወተን። ውጤቱ አስቀድሞ እንደሚወሰን ሁላችንም እናውቃለን። መውደቁ ግን እውነተኛ ነው።

መልስ 7

ይሄ የታሪክ ሰው ነው። አኬቦኖ የመጀመሪያው እንዳልሆነ አሳየን። ሪኪዶዛን በ1950 ሱሞን ጥሎ ወጣና በጃፓን ሬስሊንግን የተከለ ሰው ሆነ። 40ኛው ዮኮዙና አዙማፉጂ በ1955 ተከተለው። ቴንሪዩ በ1976 ወጣ፤ ዮኮዙና አልነበረም፣ ሬስሊንግ ውስጥ ግን ገናና ሆነ። 60ኛው ዮኮዙና ፉታሃጉሮ አንድም ዋንጫ ሳያነሳ ለማዕረጉ በቅቶ፣ በ1987 መጨረሻ ከአሠልጣኙ ጋር ተጣልቶ ወጣና በ1990 ሬስሊንግ ጀመረ። ዋጂማም አለ፤ የሽማግሌነት ድርሻውን የብድር መያዣ አድርጎ ስለተገኘ ማኅበሩን ለቅቆ በ1986 በ38 ዓመቱ ሬስሊንግ የገባ። ጸሐፊው ዋጂማ አሥር ዋንጫ እንዳለው ነበር ያሰፈረው።

መልስ 8

ወዲያው እርማት መጣ፦ ዋጂማ ያነሳው 14 ዋንጫ ነው። እስከዚህ ድረስ ጥሩ። ግን ሰውየው እዚያ ላይ አልቆመም። መልስ 7ን ሳታጣራ ለምን ትጽፋለህ ብሎ ሰደበው። በዚያውም በአሜሪካ ሬስሊንግ ዮኮዙና በሚል ስም ይጫወት የነበረው ግዙፉ ሰው ሱሞ ተጫዋች እንደነበር ለሚያስቡ ሁሉ መልስ ሰጠ፤ ሮድኒ አኖአይ የሚባል የሳሞአ ዘር ያለው አሜሪካዊ ነው፣ ሱሞ ተወዳድሮ አያውቅም። እርማቱ ትክክል ነው። ስድቡ ግን አያስፈልግም ነበር፣ ያኔም ጽፌዋለሁ።

መልስ 9

አንዲት እህታችን አበበ ቢቂላን አነሳች። በ1964 በዚያው በቶኪዮ ማራቶን አሸንፎ፣ ሣሩ ላይ ተጋድሞ ሰውነቱን ሲያፍታታ ጃፓኖች በግርምት ያዩት አበበ። በ1969 የመኪና አደጋ ደርሶበት እግሩ አልንቀሳቀስ ካለ በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በ1970 እንግሊዝ አገር ቀስት ወረወረ። በዓመቱ ደግሞ ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ መንሸራተቻ ተወዳደረ። ማንም አበበ ወረደ አላለውም፤ ሻምፒዮን የሆነ ሰው ውድድር ካላገኘ ውስጡ አይረጋም፣ አኬቦኖንም በዚህ ዓይን እዩት የሚል ነው ሐሳቧ።

መልስ 10 እና 11

መልስ 10 ተቆጣ። አበበን ከዚህ ጋር ምን አገናኘው፣ እሱ አካሉ ተጎድቶ ነው፣ ያኛው ደመወዝ ፈልጎ ነው፣ የኛን ጀግና እንዲህ ካለ ነገር ጋር አታነካኩ የሚል ይዘት ነበረው። እሷም በመልስ 11 በእርጋታ መለሰች። ልዩነቱ እንደማይጠፋት፣ ያነጻጸረችው ምክንያቱን ሳይሆን ልቡን እንደሆነ አስረዳች። ለቤተሰብ ደመወዝ መፈለግስ ከመቼ ጀምሮ ነው ነውር የሆነው ብላ ጠየቀች። መልስ 10 እስካሁን አልተመለሰም።

መልስ 12 እና 13

ከዚህ ወዲያ ወሬው ትንሽ ሄደ። አንዱ በሱሞ አፍሪካዊ ኖሮ ያውቃል ወይ ብሎ ጠየቀ። መልሱ ኦሱናአራሺ ነው፣ ግብፃዊው። ከአፍሪካ መጀመሪያ ወደ ሙያው ሱሞ የገባ ሰው ነው። ሙስሊም ስለሆነ ረመዳን በጁላይ ውድድር ላይ ሲውል እየጾመ ይጋጠም ነበር። በ2014 ናጎያ ላይ በተከታታይ ቀናት ሁለት ዮኮዙናዎችን ጣለ። በ2018 ፈቃድ ሳይኖረው መኪና በመንዳቱ ሱሞን ለቀቀ። የሚገርመው፣ በዚያው ዓመት ኤም ኤም ኤ ገብቶ የተሸነፈው በማን መሰላችሁ? በዚያው በቦብ ሳፕ። ከ15 ዓመት በኋላ!

መልስ 14

መልስ 2 ተመለሰ። አንድ ዓረፍተ ነገሩን የመድረኩ ኃላፊ አጥፍቶበታል፣ ስለዚህ እኔም አልደግመውም። የቀረው ግን በቁም ነገር የሚታይ ነው። በፌብሩዋሪ 1998 በናጋኖ የክረምት ኦሊምፒክ መክፈቻ ላይ አኬቦኖ በዚያ ብርድ ራቁት ደረቱን መሬቱን በእግሩ እየረገጠ የዮኮዙናን ሥርዓት ለዓለም ሁሉ አሳየ። ጃፓን በውጭ አገር ልጅ በኩል ራሷን አስተዋወቀች ማለት ነው። ያንን ያደረገ ሰው ውጤቱ የተወሰነ ትያትር ውስጥ ገብቶ ወድቆ መነሣቱ ያመዋል። እውነቱን ልናገር፣ ይህንን ሳነብ ለወጣቱ ያለኝ አስተያየት ተለወጠ። ቁጣው ሰውየውን ከመውደድ የመጣ ነው።

መልስ 15

በዚህ ክር ውስጥ አንድ ነገር ብቻ አንብቡ ብባል ይህንን እመርጣለሁ። ጸሐፊው አዲስ አበባ ጁዶ የሚያስተምር ሰው ነው። መልስ 14ን ወድቆ መነሣት በሚለው ቃል ያዘው።

በሱሞ ከእግርህ መርገጫ በቀር ምንም ነገር መሬት ከነካ ተሸነፍክ። ጣትህ ቢነካ፣ ጉልበትህ ቢነካ አለቀ። ክቡ በወርድ አራት ሜትር ተኩል ገደማ ነው። አንድ ሰው ከ18 ዓመቱ ጀምሮ በየቀኑ ሲነጋ ተነሥቶ የሚለማመደው አለመውደቅን ነው። አኬቦኖ ይህንን 13 ዓመት አደረገ። ረጅም እግር ስለነበረው ከማንም ይልቅ ለመውደቅ ቅርብ ስለሆነ፣ ተጋጣሚው ቀበቶውን ሳይዝ በፊት በረጅም እጆቹ ደረቱን እየገፋ ማስወጣትን ነው የተካነው።

በጃፓን ሬስሊንግ ጀማሪ መጀመሪያ የሚማረው ግን መውደቅን ነው። አሠልጣኙ እንዴት እንደሚደረግ እንዲህ ጻፈልን፦ አገጭህን ደረትህ ላይ ትለጥፋለህ፣ ጀርባህን ታጎብጣለህ፣ ምንጣፉን ከመንካትህ ጋር እኩል በሁለት መዳፍህ ትመታዋለህ። ጉልበቱ በእጅህ በኩል ይወጣል፣ ራስህ ይተርፋል። አሥር ዓመት የሆነው ልጅ በሁለት ሳምንት ይለምደዋል። ትልቅ ሰው ወራት ይፈጅበታል፣ ምክንያቱም ሰውነቱ ይፈራል። የወደቀ ጊዜ እጁን ወደ ኋላ ይልካል፣ አንጓው ይሰበራል።

እና አሁን አስቡት አለን። 36 ዓመቱ ነው። ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ሁለት ጉልበቱ የተጎዳ ነው። ዓለም የሚያውቀው ባለመውደቁ ነው። ከወጣቶች ጋር ሆኖ መውደቅን ሀ ብሎ ይጀምራል። ይህ ለአሠልጣኙ ከ11 ዋንጫ የማያንስ ነገር ነው።

መልስ 16 (የኔ)

እዚህ ላይ እኔም ገባሁ። መክፈቻውን ስጽፍ በልቤ ነበረ፣ ቃሉ ግን አልመጣልኝም ነበር፤ አሠልጣኙ አገኘልኝ። አኬቦኖ በአሜሪካ ብቅ ብሎ የሄደ እንግዳ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከመልስ 2 ጋር እስማማ ነበር። እሱ ግን በ2005 ኦል ጃፓን ወደሚባለው የሬስሊንግ ድርጅት ገባና ቆየ። በየከተማው እየዞረ በትናንሽ አዳራሽ ሠራ። በኦክቶበር 2013 ሱዋማ የተባለውን ሬስለር አሸንፎ የድርጅቱን ከፍተኛ ቀበቶ ያዘ፤ ከዮኮዙናዎች ይህንን ያደረገ እሱ የመጀመሪያው ነው። በ2014 ታምሞ ቀበቶውን መለሰ። በ2015 ተመልሶ የዓመቱን ትልቅ ውድድር አሸነፈ፣ ቀበቶውንም ዳግመኛ ወሰደ። ዕድሜው 46 ነበር። ውጤቱ በቅድሚያ የሚወሰን ነው ትሉኛላችሁ። አዎ። ግን የሬስሊንግ ድርጅት ዋናውን ቀበቶ የሚሰጠው የአዳራሹን ትኬት ለሚሸጥና ጓደኞቹ ለሚያምኑት ሰው ነው። ስምንት ዓመት ሠርቶ ነው ያገኘው።

መልስ 17

ከስቶክሆልም የጻፈች ነርስ ናት። ሁላችንንም ገሠጸችን። ስለ ክብርና ስለ ሙያ ስናወራ አንዳችንም ስለ ልቡ አላነሳንም። በዚያ ክብደት፣ በዚያ ዕድሜ፣ በየሳምንቱ መንገድ ላይ፣ በየማታው ምንጣፍ ላይ መውደቅ ሰውነትን ምን እንደሚያደርግ በሥራዋ ታየዋለች። በኤፕሪል 2017 በኪዩሹ ለሬስሊንግ በሄደበት ታምሞ ልቡ ቆመ። ከሞት ተረፈ፣ ግን የማስታወስ ችሎታው ተጎዳ፣ እግሩም አልመለስ አለ። ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት በሕክምና አሳለፈ። ሁለተኛ ሙያ አገኘ ብላችሁ ከምትደሰቱ፣ በ47 ዓመቱ ይበቃሃል የሚለው ሰው ለምን ጠፋ ብላችሁ ጠይቁ ነው ያለችን።

ለዚህ መልስ የለኝም። ሐሳቤን አልለወጥሁም፤ ሬስሊንጉ ውርደት አይደለም። እሷ ያለችው ግን ከውርደት የሚከፋ ነገር ነው። በመክፈቻው ላይ ማንሳት ነበረብኝ።

መልስ 18

የቶኪዮው ወንድማችን ተመለሰ። ነርሷን አመስግኖ አንድ ትዝታ ብቻ አከለ። አኬቦኖ በ54 ዓመቱ መሞቱ የተሰማው በኤፕሪል 2024 ነው። ያን ቀን በሥራ ቦታው በእረፍት ሰዓት ሁለት ጃፓናውያን የሥራ ባልደረቦቹ በስልካቸው አሮጌ ቪዲዮ ያያሉ። አንደኛዋ በዕድሜ የገፉ ሴት በ1990ዎቹ ከሌላው ዮኮዙና ከታካኖሃና ጋር ያደረገውን የሱሞ ግጥሚያ፣ ወጣቱ ደግሞ የኦል ጃፓኑን ሬስሊንግ። አኬቦኖና ታካኖሃና በ1988 በአንድ ቀን ነው ሱሞ የጀመሩት። ከዚያ ሁለቱ ስልክ ተለዋውጠው አዩ። የጻፈው ይህንን ብቻ ነው።

መልስ 19

መልስ 2 ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። በኬ ዋኑ ላይ ያለው አቋም እንዳልተለወጠ ግልጽ አደረገ። በመልስ 17 ተስማማ። ከዚያ የጁዶ አሠልጣኙን አንድ ነገር ጠየቀ፦ ራሱ 118 ኪሎ እንደሚመዝን፣ ባለፈው ክረምት ደረጃ ላይ ተንሸራቶ የእጁን አንጓ እንደሰበረ፣ እጁን ወደ ኋላ ልኮ እንደነበረ፣ ትልቅ ሰው ለመማር ጊዜው አልፏል ወይ ብሎ።

መልስ 20

አሠልጣኙ ቅዳሜ ጠዋት እንዲመጣና ሰፋ ያለ ሱሪ እንዲለብስ ነገረው። መጀመሪያ ከቁጢጥ ነው የሚጀምሩት።